«ኮል ሃካቮድ» እና የደመወዝ ወረቀት

(በማኅበረሰባችን ሬዲዮ የአማርኛ ዝግጅት ላይ አንዲት የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛ ያቀረበችው ንግግር)

 

በዛሬው ዝግጅታችን የምናነሣው ጉዳይ ሥራ ለጀመራችሁም ሆነ ከመርከዝ ክሊታ ወጥታችሁ ሥራ በመፈለግ ላይ ላላችሁ ይጠቅማል ብለን ያሰብነው ነው። ይኸውም አንድ አሠሪ ሠራተኛውን ለማበረታታት የሚሰጠው ነገር ምን ምን እንደሆነ፣ ከእነዚህም የትኛው ስጦታ፣ የትኛው ደግሞ በሕግ የተደነገገ መብት እንደሆነ ለይቶ የማወቅ ጉዳይ ነው። ሁለቱ ሲደባለቁ ምን እንደሚደርስ ለማሳየት በሥራዬ ላይ ያጋጠመኝን አንድ ነገር ላጫውታችሁ።

አንድ አባት በአንድ የምግብ ማሸጊያ ፋብሪካ ሃያ ወር ሠርተዋል። ስማቸውንም የፋብሪካውንም ስም አልጠራም። በሮሽ ሃሻና ዋዜማ ሠራተኛው ሁሉ በተሰበሰበበት ስማቸው ተጠርቶ «ኦቬድ ሚትስታየን» ማለትም ምርጥ ሠራተኛ ተብለው የምስክር ወረቀትና የድስት ስብስብ ተሸለሙ። ሰዉም አጨበጨበላቸው። ቤታቸው በሄድኩ ጊዜ የምስክር ወረቀቱን በመስታወት አስገብተው ከሳሎኑ ግድግዳ ላይ ሰቅለውት አየሁ። በእውነቱ እኔም ደስ አለኝ፤ ልጆቻቸውም ኮርተዋል።

የሄድኩበት ምክንያት ሌላ ነበር፤ የቤት ኪራይ እርዳታ ፎርም ለመሙላት የደመወዝ ወረቀታቸው ያስፈልግ ነበር። የደመወዝ ወረቀት በዕብራይስጥ «ትሉሽ» የሚባለው ነው። ሃያውንም ወረቀት በአንድ ፌስታል ውስጥ በደንብ አስቀምጠውታል፤ አንዱም ግን አልተነበበም። እኔ ሳገላብጠው የጡረታ መዋጮ የሚጻፍበት ቦታ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ባዶ ሆኖ አገኘሁት።

«አባ፣ ፔንሲያ አልተከፈለልዎትም፤ መጠየቅ አለብን» ብላቸው እንዲህ አሉኝ፦ «ልጄ፣ በሰው ፊት ያከበረኝን ሰው እንዴት አድርጌ ነው የምከሰው? ድስቱንስ ምን አድርጌ ልብላበት? ሰው ምን ይለኛል?»

ይህን የመሰለ መልስ ከእኒህ አባት ብቻ የሰማሁት አይደለም። በባህላችን የበሉበትን ወጪት መስበር ነውር ነው፤ ይሉኝታም ያስረናል። መልካም ባሕርይ ነው፤ ግን እዚህ አገር ስጦታና መብት በሁለት የተለያየ ሰፈር የሚኖሩ ናቸው። ስጦታውን ማመስገን ይገባል፤ መብቱን መጠየቅ ደግሞ ክስም ውለታ ቢስነትም አይደለም።

ሒሳቡን አብረን እናስላው። ከጥር ወር 2008 ጀምሮ በመላ አገሪቱ በሥራ ላይ በዋለው ትእዛዝ መሠረት፣ ወንድ ከ21 ዓመት፣ ሴት ከ20 ዓመት ዕድሜ ጀምሮ ተቀጥሮ የሚሠራ ሰው የጡረታ ዋስትና ይገባዋል። ከዚህ በፊት ፔንሲያ ያልነበረው አዲስ ሠራተኛ መዋጮው የሚጀምርለት ከስድስት ወር ሥራ በኋላ ነው። ከ2017 ወዲህ መዋጮው ከሠራተኛው ደመወዝ ላይ 6 በመቶ፣ ከአሠሪው ኪስ ደግሞ ለጡረታ 6.5 በመቶና ለስንብት ካሣ 6 በመቶ ነው። አንድ ሰው በወር 6,500 ሼቄል ቢያገኝ፣ አሠሪው በየወሩ 812 ሼቄል ከ50 አጎሮት በስሙ ማስገባት አለበት ማለት ነው። ስድስቱን ወር ብንቀንስ እንኳ የአሥራ አራት ወሩ 11,375 ሼቄል ይሆናል። ድስቱ ምንም ያህል ውድ ቢሆን ይህን አያክልም።

አንዳንዶቻችሁ «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ትሉ ይሆናል፤ ለሃያና ለሠላሳ ዓመት በኋላ የሚሆን ገንዘብ ምን ያደርግልናል ትላላችሁ። ነገር ግን በአብዛኛው የጡረታ መድን ውስጥ ሠራተኛው አካሉ ቢጎዳና መሥራት ቢያቅተው፣ ወይም ቢሞትና ሚስትና ልጆች ቢተርፉ የሚከፈል ገንዘብ አለበት። ስለዚህ ላሚቱ በሰማይ ያለች ሳትሆን በረት ውስጥ የታሰረች ናት፤ ስሟ በትሉሹ ላይ መጻፉን ግን ማየት አለባችሁ።

አሁን ነገሩን በሦስት ከፍለን እንመልከተው። የመጀመሪያው መብት ነው፤ ሁለተኛው የገንዘብ ማበረታቻ ነው፤ ሦስተኛው ገንዘብ ያልሆነ ማበረታቻ ነው።

ከመብቱ እንጀምር። ሥራ በጀመራችሁ በ30 ቀን ውስጥ አሠሪው ደመወዛችሁንና የሥራ ሰዓታችሁን የሚገልጽ ማስታወቂያ በጽሑፍ ሊሰጣችሁ ይገባል፤ ይህ በ2002 የወጣ ሕግ ነው። ዝቅተኛ ደመወዝ በ1987 በወጣ ሕግ የተወሰነ ሲሆን፣ መጠኑ በየጊዜው ስለሚጨምር አዲሱን መጠን መጠየቅ ያስፈልጋል፤ በኤፕሪል 2025 በወር 6,247 ሼቄል ከ67 አጎሮት ሆኖ ነበር። ከመደበኛው የቀን ሥራ በላይ የተሠራ ሰዓት «ሻኦት ኖሳፎት» ይባላል፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሰዓቶች 125 በመቶ፣ ከዚያ በላይ ያለው 150 በመቶ ይከፈላል። ቢያማችሁ ከኩፓት ሖሊም ሐኪም ወረቀት ይዛችሁ ስትቀርቡ፣ የመጀመሪያው ቀን አይከፈልም፤ ሁለተኛውና ሦስተኛው ቀን ግማሽ ይከፈላል፤ ከአራተኛው ቀን ጀምሮ ሙሉ ነው። አንድ ዓመት ከሞላችሁ በኋላ «ድሜይ ሃቭራአ» የሚባል የማገገሚያ ገንዘብ አለ፤ ለመጀመሪያው ዓመት የ5 ቀን ሒሳብ ነው። የዕረፍት ቀንና የመጓጓዣ ገንዘብም እንዲሁ።

እነዚህን ሁሉ አሠሪው ደግ ስለሆነ የሚሰጣችሁ አይደሉም። አሠሪው «ሃቭራአ ሰጠሁህ፤ እንግዲህ በርትተህ ሥራ» ቢል፣ የእናንተኑ ገንዘብ ለእናንተ እየሸለመ ነው።

ሁለተኛው የገንዘብ ማበረታቻ ነው። ከደመወዝ በላይ በስምምነት የሚሰጥ ነው፤ ቦኑስ፣ «ፕሬሚያ» የሚባለው በምርት ብዛት የሚከፈል ጭማሪ፣ አሥራ ሦስተኛ ደመወዝ፣ የበዓል ስጦታ እነዚህን የመሳሰሉት ናቸው። የበዓል ስጦታ በዕብራይስጥ «ሻይ ለሓግ» ይባላል። ብዙ አዲስ ገቢዎች መጀመሪያ ሲሰሙት «ለበዓል ሻይ ሊያጠጡን ነው» ብለው ስኒ የጠበቁ አሉ፤ «ሻይ» በዕብራይስጥ ስጦታ ማለት ነው። ይህ ስጦታ በሠራተኛ ማኅበር ስምምነት ወይም በሥራው ዘርፍ ትእዛዝ ካልተወሰነ በስተቀር ግዴታ አይደለም። ግብር የሚቆጠርበት ስለሆነም በትሉሹ ላይ ተጽፎ ብታዩት አትደንግጡ።

በዚህ ክፍል ልትጠነቀቁበት የሚገባ ሁለት ነገር አለ። አንደኛው፣ ፕሬሚያ ዝቅተኛውን ደመወዝ ለመሙላት አይቆጠርም። መሠረታዊ ደመወዛችሁ ከሕጉ በታች ሆኖ «በፕሬሚያው ይሞላልሃል» ቢሏችሁ ትክክል አይደለም። መጀመሪያ መሠረቱ ይሞላል፤ ፕሬሚያው ከዚያ በላይ ይጨመራል።

ሁለተኛው፣ በእጅ የሚሰጥ ገንዘብ ነው። አንድ የሥራ ኃላፊ ማታ ላይ ቀርቦ «ሦስት ሰዓት ጨምርልኝና መቶ ሼቄል በእጅህ እሰጥሃለሁ» ይላል። ሠራተኛው መቶውን ሼቄል ሲያይ ደስ ይለዋል፤ ኃላፊውንም ይመርቀዋል። የሰዓት ደመወዙ 36 ሼቄል ነው እንበል። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሰዓቶች እያንዳንዳቸው 45፣ ሦስተኛው 54፣ ጠቅላላው 144 ሼቄል ነው። ስለዚህ መቶ ሼቄል የተቀበለው ሰው ማበረታቻ አላገኘም፤ 44 ሼቄል አጥቷል። ከዚህም በላይ በትሉሹ ላይ ያልተጻፈ ገንዘብ በቢቱዋሕ ለኡሚ ዘንድ አይታወቅም። ነገ ሥራ ቢያጣ የሥራ አጥ ክፍያው፣ ሴትም ብትሆን የወሊድ ክፍያዋ የሚታሰበው በተጻፈው ደመወዝ ነው።

ሦስተኛው ገንዘብ ያልሆነው ማበረታቻ ነው። ይህንን ግን ንቄ እንዳልፈው አትጠብቁኝ። ምስጋና፣ ክብር፣ የሚመች የሥራ ፈረቃ፣ ሙያ መማሪያ ኮርስ፣ ኃላፊነት፣ እድገት፣ «ክቪኡት» የሚባለው ቋሚነት ሁሉ በዚህ ውስጥ ይገባሉ።

ፍሬድሪክ ሄርዝበርግ የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ምሁር ከባልደረቦቹ ጋር በ1959 ባሳተመው ጥናት፣ በፒትስበርግ አካባቢ መሐንዲሶችንና የሒሳብ ሠራተኞችን በሥራችሁ ደስ ያላችሁ መቼ ነው፣ የከፋችሁስ መቼ ነው ብሎ ጠይቆ ነበር። ያገኘውም መልስ ለሁለቱ ጥያቄዎች አንድ ዓይነት አልነበረም። ሰዎች የከፋቸው ስለ ደመወዝ፣ ስለ አለቃ ጠባይ፣ ስለ መሥሪያ ቤት ደንብ ነው። ደስ ያላቸው ግን ሥራ ሠርተው ከፍጻሜ ሲያደርሱ፣ ሲመሰገኑ፣ ኃላፊነት ሲሰጣቸው ነው። በሌላ አነጋገር ደመወዝ ሲጎድል ሰው ይማረራል፤ ደመወዝ ስለተሟላ ብቻ ግን ሥራውን አይወድም።

ይህን እኛ ከመጽሐፍ በፊት በኑሮ አውቀነዋል። በጎንደር አገር አባቶቻችን ማረሻና ማጭድ ቀጥቅጠው፣ እናቶቻችን ድስትና ጀበና ሠርተው ገበያ ያወጡ ነበር። ገበሬው ያለ ማረሻቸው አያርስም፤ ገንዘቡንም ይከፍላል። ነገር ግን ስንቱ ነው ዕቃቸውን ገዝቶ በክፉ ስም የጠራቸው፣ ከእነርሱ ጋር በአንድ ማዕድ መቀመጥን የተጸየፈ? ገንዘብ ተከፍሏል፤ ክብር ግን አልተከፈለም። በሌላ በኩል ደግሞ በ17ኛውና በ18ኛው መቶ ዘመን ለጎንደር ነገሥታት ግንብ የሠሩ የቤተ እስራኤል ግንበኞችና አናጢዎች መሬትና ማዕረግ እንደተሰጣቸው የታሪክ ጸሐፊዎች ጽፈዋል። እንዲያውም በመንደራችን ደቦ ሲጠራ ማን ደመወዝ ጠየቀ? ጠላውና እንጀራው ቀርቦ፣ ባለቤቱ አመስግኖ፣ ነገ ደግሞ በተራው ሊያግዝ ይመጣል። ስለዚህ ሰው ለሆዱ ብቻ የሚሠራ ፍጡር አይደለም።

በትምህርት ቤት ጽዳት የምትሠራ አንዲት እናት አውቃለሁ። ለአንድ ዓመት ያህል መምህራኑ «የኢትዮጵያዋ» ይሏት ነበር እንጂ በስሟ የሚጠራት አልነበረም። በኋላ አዲስ ርዕሰ መምህርት መጣች። በመጀመሪያው ሳምንት ስሟን ጠየቀቻት፤ እስኪያውቀው ድረስ አፏን አስለመደች፤ በመምህራን ስብሰባ ላይም በስሟ ጠርታ አመሰገነቻት። ያቺ እናት ቢሮዬ መጥታ መጀመሪያ የነገረችኝ ስለ ደመወዟ አልነበረም። «ስሜን ጠሩኝ እኮ» ነው ያለችኝ፤ ዓይኗም እንባ አቅርሮ ነበር። ርዕሰ መምህርቷ በዚህ አላበቃችም፤ በማታ ዕብራይስጥ እንድትማር የሥራ ሰዓቷን አስተካከለችላት። ዛሬ ያቺ እናት በመዋዕለ ሕፃናት ረዳት ሆና ትሠራለች። ይህ ገንዘብ ያልሆነ ማበረታቻ ነው፤ ፍሬው ግን በገንዘብም ታየ።

እንግዲህ «ኮል ሃካቮድ» ሲሏችሁ ምን ታስባላችሁ? ቃሉ በቁሙ «ክብር ሁሉ ላንተ ይሁን» እንደማለት ነው። ከልብ የተባለ ከሆነ የሰውን አጥንት ያለመልማል። ከትሉሹ ላይ የጎደለውን ለመሸፈን የተባለ ከሆነ ግን ባዶ ነው። እንዴት ይለያል? እውነተኛው ምስጋና የመብት ጥያቄን አይፈራም። መብታችሁን ስትጠይቁ የሚቀር ምስጋና ከመጀመሪያውም ምስጋና አልነበረም።

ገንዘብና ክብር ሲደባለቁ ምን እንደሚሆን እዚሁ አገራችን የተደረገ አንድ ጥናት አለ። ኡሪ ግኒዚና አልዶ ሩስቲኪኒ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች በ2000 ያሳተሙት ነው። በሐይፋ ከተማ በአሥር መዋዕለ ሕፃናት ውስጥ ልጆቻቸውን ለመውሰድ የሚዘገዩ ወላጆችን ቆጠሩ። ከዚያም በስድስቱ ላይ ከ10 ደቂቃ በላይ የዘገየ ወላጅ 10 ሼቄል እንዲቀጣ ተደረገ። መዘግየቱ ይቀንሳል ተብሎ ሲጠበቅ ወደ እጥፍ ያህል ጨመረ። ቀድሞ ወላጁ ሞግዚቷን እንዳያስቸግር አፍሮ ይሮጥ ነበር፤ አሁን ግን «ከፍዬአለሁ» አለ። ቅጣቱ ሲነሣም የቀድሞው እፍረት አልተመለሰም።

ይህን በቤታችሁም አስቡት። ብዙዎቻችሁ ልጆቻችሁ ደብዳቤ ያነቡላችኋል፤ ሐኪም ቤትም ያስተረጉሙላችኋል። ለእያንዳንዱ ትርጉም ሃያ ሼቄል ብትሰጡት፣ አንድ ቀን ገንዘብ ሳይኖራችሁ ደብዳቤውን እምቢ ሊላችሁ ይችላል። አመስግኑት፣ መርቁት፣ በዘመድ ፊት አክብሩት። ትሉሻችሁን ግን ልጅ እንዲያነብላችሁ አታድርጉ፤ የቤቱ ጭንቀት በልጅ ትከሻ ላይ አይጫን። ለዚያ እኛ አለን።

አሁን ደግሞ ከመካከላችሁ በሥራ ቦታ የቡድን መሪ ለሆናችሁት፣ ወይም የራሳችሁን ትንሽ ሥራ ከፍታችሁ ሰው ለምትቀጥሩት አንድ ቃል አለኝ። ሠራተኛችሁን በስሙ ጥሩት። ስታመሰግኑት ያመሰገናችሁበትን ሥራ ለይታችሁ ንገሩት፤ «ጎበዝ ነህ» ከማለት «ትናንት ያን ማሽን ቶሎ ባታቆመው ኖሮ ሰው ይጎዳ ነበር» ማለት ይበልጣል። «በጨው ደንደስ በርበሬ ተወደስ» እንደሚባለው፣ ሌላው በሠራው እናንተ አትመስገኑበት። ቦኑስ ቃል ከገባችሁ በጽሑፍ አድርጉት። ከሁሉም በፊት ደመወዙን በቀኑ ክፈሉ፤ ደመወዝ የዘገየበት ሰው ምስጋናችሁን አይሰማም።

አድማጮቻችን፣ እስከ አሁን የተነገረውን በሦስት ምክር ላጠቃልለው።

አንደኛ፣ በየወሩ ትሉሹን ስትቀበሉ ወዲያው አንብቡት፤ የምታነቡት እናንተ ካልሆናችሁ የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛ ወይም የኡልፓን መምህር ያንብብላችሁ። የሠራችሁትን ሰዓት በየቀኑ በራሳችሁ ደብተር ላይ ጻፉና ከትሉሹ ጋር አመሳክሩት። በመጀመሪያው ወር የተገኘ ስህተት በአንድ ቃል ይስተካከላል፤ ሁለት ዓመት የሞላው ግን ደብዳቤና ጠበቃ ይፈልጋል።

ሁለተኛ፣ ጉድለት ስታገኙ ከቁጣ አትጀምሩ። ደመወዝ ወደምታሰላው ሠራተኛ፣ «ሐሻቬት ሳኻር» ወደምትባለው፣ በትሕትና ሂዱና ጠይቁ። ብዙ ጊዜ ስህተት ሆኖ ይገኛል። መልስ ካጣችሁ በጽሑፍ ጠይቁ፤ ቅጂውንም አስቀሩ። የሠራተኞች ኮሚቴ ካለ ንገሩት። ከዚያ በላይ ከሆነ በ1920 የተቋቋመው የሠራተኞች ማኅበር ሂስታድሩት አለ፤ ከ1991 ጀምሮ ለሠራተኛ መብት የሚቆመው ካቭ ላኦቬድ አለ፤ ለኢትዮጵያውያን ወገኖቻችን የሕግ እርዳታ የሚሰጠው በ2000 የተመሠረተው «ጠበቃ» የተባለውም ድርጅት አለ።

ሦስተኛ፣ የተሰጣችሁን የምስክር ወረቀትና የምስጋና ደብዳቤ በደንብ አስቀምጡ። ሌላ ሥራ ስትፈልጉ ይጠቅማችኋል። ሥራ ስትለቁ ምን ያህል ጊዜ እንደሠራችሁ የሚገልጽ ወረቀት ማግኘት መብታችሁ ነው፤ ስለ ጥሩ ሠራተኝነታችሁ የሚመሰክር ደብዳቤ ግን በፈቃድ የሚሰጥ ስለሆነ በመልካም ፊት ጠይቁት።

የእኒያ አባት ጉዳይ ምን ሆነ እንዳትሉኝ ልንገራችሁ። ለሁለት ሳምንት እምቢ አሉኝ። በኋላ ባለቤታቸው «የተሸለምከው ጎበዝ ሠራተኛ ስለሆንክ ነው፤ ጎበዝ ሠራተኛ ደግሞ ገንዘቡን ቆጥሮ ይቀበላል» አሏቸው። ይህ ቃል ከእኔ ትምህርት ይልቅ ሠራ። አብረን ሄድን። እሳቸውም መጀመሪያ ስለ ሽልማቱ አመሰገኑ፤ ቀጥለውም ትሉሾቹን ከፌስታል አውጥተው ጠረጴዛው ላይ ደረደሩ፤ «ይህ ቦታ ለምን ባዶ ሆነ?» ብለው ባላቸው ዕብራይስጥ ራሳቸው ጠየቁ። ለእኔ የቀረኝ ሥራ መቀመጥ ብቻ ነበር። ከዚያ ቀጥሎ ባለው ወር መዋጮው ተጀመረ፤ ያለፈውን ለማግኘት ደግሞ ሁለት ደብዳቤ አስፈለገ፤ በመጨረሻም ገባላቸው። ከሥራም አልተባረሩም፤ ማንም አልጠላቸውም።

የምስክር ወረቀቱ ዛሬም ከሳሎኑ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። ትሉሾቹ ግን ከፌስታል ወጥተው በማኅደር ውስጥ በየወሩ ተራ ተቀምጠዋል።

ውድ አድማጮች፣ ክብራችሁንም ገንዘባችሁንም አትልቀቁ፤ ሁለቱም የእናንተ ናቸው። በሚቀጥለው ዝግጅታችን እስክንገናኝ ድረስ ሰላም ሁኑልን፤ ለሥራችሁ በረከት ይሁን።